ከሮቶ ውስጥ አልጌን ማጽዳትና ተመልሶ እንዳይበቅል ማድረግ

በሰሜን ሸዋ ከተሞች ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ሮቶ የማይቀር የግቢ ዕቃ ሆኗል። ውኃ በመጣ ቀን የተሞላው ሮቶ እስከሚቀጥለው ፈረቃ ድረስ የቤተሰቡን የመጠጥ፣ የማብሰያና የማጠቢያ ውኃ ይዞ ፀሐይ ላይ ይቆማል። እንዲህ የከረመ ሮቶ ክዳኑ ሲነሣ ግድግዳው በቀጭን አረንጓዴ ሽፋን ተለብጦ፣ ውኃውም የረጋ ኩሬ ሽታ ይዞ ይገኛል። ሽፋኑ በጣት ሲነካ ያሙለጨልጫል፤ በጥፍር ሲፋቅም እንደ እርጥብ ወረቀት እየተላጠ ይነሣል። ይህ አልጌ ወይም ዋቅላሚ የሚባለው፣ እንደ ዕፅ በብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅ ሕይወት ያለው ነገር ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ በቅድሚያ የሚያስበው በረኪና መጨመርን ነው። በረኪና በእርግጥ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን አልጌ የሚኖረው በብርሃን ስለሆነ፣ ወደ ሮቶው የሚገባው ብርሃን ካልተዘጋ የቱንም ያህል በረኪና ቢፈስ አረንጓዴው ይመለሳል። ስለዚህ ሥራው ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው የበቀለውን ማጽዳት፣ ሁለተኛውና ዋነኛው ደግሞ ሮቶውን ማጨለም ነው። ሁለተኛውን ሳይሠሩ አንደኛውን ብቻ መደጋገም ገንዘብንም ውኃንም ማባከን ነው።

በሮቶ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ አልጌ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ መርዛማ አይደለም። ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም፤ የውኃውን ጣዕምና ሽታ ያበላሻል፣ የቧንቧ ወንፊትና የሻወር ቀዳዳ ይደፍናል፣ በውኃው ውስጥ ያለውን ክሎሪን እየበላ ለሌሎች ጀርሞች መንገድ ይከፍታል፣ በሽፋኑ ሥር ደግሞ ባክቴሪያዎች ተከልለው ይራባሉ። ከዚህ የተለየና ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻው ሰማያዊ አረንጓዴ የሚባለው ዓይነት ነው። ይህኛው የሚታየው ይበልጡን ክፍት በሆነ ኩሬ ላይ ሲሆን፣ ውኃው ላይ ቀለም የፈሰሰ እስኪመስል ድረስ ተንሳፍፎ ይጋገራል። አንዳንዱ ዝርያ ጉበትንና ነርቭን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም ውኃውን በማፍላት አይጠፋም። ክሎሪን ሲጨመርበትም ሴሎቹ ፈንድተው በውስጣቸው ያለውን መርዝ ወደ ውኃው ይለቃሉ። እንዲህ ያለ ውኃ ለሰውም ለከብትም መጠጥ መሆን የለበትም፤ ማከምም ሳይሞከር መደፋት አለበት።

ከማጽዳት በፊት ችግሩ በእርግጥ አልጌ መሆኑን መለየት ይገባል። ከሮቶው ላይ በጠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ቀድቶ አንድ ሌሊት ማሳደር ጥሩ መለያ ነው። በማግስቱ ቡናማ ነገር ከታች ዘቅጦ ውኃው ከጠራ የገባው አፈር ነው፤ ቀይ ቡናማው ከብረት ቧንቧ የመጣ ዝገት ሊሆን ይችላል። ውኃው አረንጓዴነቱን ይዞ ካደረ፣ ጠርሙሱ ለጥቂት ቀናት መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ አረንጓዴነቱ ከበረታ፣ አልጌ ስለመሆኑ ጥርጥር የለም።

የማጽጃው ቀን አመራረጥ

ሮቶ የሚታጠበው ውኃ በሚመጣበት ዕለት ዋዜማ ወይም ጠዋት ነው፤ ታጥቦ ባዶውን የሚሰነብት ሮቶ ለቤተሰቡ ሌላ ችግር ይሆናል። ቀደም ብሎ ውኃውን በመደበኛ ሥራ እየተጠቀሙ ከታች አንድ ስንዝር ያህል እስኪቀር ድረስ ማውረድ፣ የቀረውን አረንጓዴ ውኃ ደግሞ ለጌሾ፣ ለጽጌረዳ ወይም ለባሕር ዛፍ ችግኝ ማጠጣት ይቻላል። አልጌው ተክልን አይጎዳም፤ እንዲያውም ለአፈሩ ምግብ ነው። ለሁለት ቀን የሚበቃ የመጠጥ ውኃ በተከደነ ጀሪካን ለብቻው መቀመጥ አለበት።

በዓመት ውስጥ ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚሻለው ወቅት የመስከረም መጨረሻና የጥቅምት መጀመሪያ ነው። የክረምቱ ዝናብ በአሸንዳ በኩል አቧራ፣ ቅጠልና የወፍ ኩስ ወደ ሮቶው አስገብቶ አልጌው የሚመገበውን አዘጋጅቷል፤ ከመስቀል በኋላ ደግሞ ሰማዩ ይገለጥና ፀሐዩ ይበረታል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ብትሆንም፣ የደጋው ፀሐይ ኃይለኛ በመሆኑ ቅዝቃዜው አልጌውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢትና በአካባቢዋ ቆላ ግን ውኃው ራሱ ስለሚሞቅ አልጌው በጣም ይፈጥናል፤ በዚያ በኩል በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ማጠብ አይበቃም።

ማጠብ

ወደ ቤት የሚወስደውን መውጫ ቧንቧ መዝጋት የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ካልተዘጋ የተፈቀፈቀው አልጌ በቧንቧው ወርዶ የውኃ ማሞቂያውንና የመታጠቢያውን መስመር ይደፍናል። ማጣሪያና ማሞቂያ ያለው ቤት እነዚህንም ለብቻቸው ይዝጋ።

ግድግዳውን ከላይ በኩል በክዳኑ አፍ ረጅም እጀታ ባለው የፕላስቲክ ብሩሽ መፈተግ ይቻላል። መፈተጊያው የብረት ሽቦ ወይም ሻካራ አሸዋ እንዳይሆን፤ በፕላስቲኩ ላይ የሚቀረው ጭረት ለሚቀጥለው አልጌ የተመቸ መጠለያ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚረሱት ቦታዎች የክዳኑ የውስጥ ፊት፣ የክዳኑ አፍ ጥርሶች፣ ውኃው ሲሞላ የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስና ክንዱ፣ እንዲሁም ትርፍ ውኃ የሚወጣበት ቧንቧ አፍ ናቸው። ኳሱን ፈትቶ ማየት ይጠቅማል፤ ከሥሩ ወፍራም ዝልግልግ ተሸክሞ ይገኛልና። ግድግዳው ንጹሕ ሆኖ ይህ ቦታ ከተዘለለ አልጌው ከዚያው ተነሥቶ መላውን ሮቶ መልሶ ይይዘዋል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ። በየሰፈሩ የክዳኑ አፍ ጠባብ ስለሆነ ሕፃን ልጅን ወደ ሮቶ ውስጥ አስገብቶ የማስጠረግ ልማድ ይታያል። ይህ መደረግ የለበትም። ሮቶ ውስጥ አየር እንደ ልብ አይዘዋወርም፣ ወለሉ ያንሸራትታል፣ የበረኪና ትነት ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ልጁ ራሱን ቢስት በዚያ አፍ ጎትቶ ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ባዶውን ሮቶ ከመቆሚያው አውርዶ በጎኑ አስተኝቶ ማጠብ ከተቻለ ከሁሉ ይሻላል። ትልቅ ሰው መግባት ግዴታ ከሆነበት ደግሞ ክዳኑ ለሰዓታት ተከፍቶ አየር ከገባ በኋላ፣ ውጭ ሆኖ የሚጠብቅና የሚያነጋግር ሁለተኛ ሰው ባለበት፣ በውስጡ አንዳች በረኪና ሳይኖር ብቻ ይሁን።

ከፈተጉ በኋላ ግድግዳውን በንጹሕ ውኃ በጎማ እየረጩ ማውረድ ነው። መውጫው ቧንቧ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ስለሚተከል ዝቃጩ በራሱ አይወጣም፤ ከታች ማስወገጃ የሌለው ሮቶ በጆግና በስፖንጅ እየተቀዳ፣ በመጨረሻም በንጹሕ ጨርቅ እየተወለወለ መውጣት አለበት። ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና መጠቀም ይቻላል፤ አረፋው ግን ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ይለቅለቅ።

በክሎሪን ማከም

ክሎሪኑ የሚጨመረው ግድግዳው ታጥቦ ካለቀ በኋላ ነው። አልጌና ጭቃ ባለበት ሮቶ ላይ የሚፈስ በረኪና ኃይሉን በቆሻሻው ላይ ጨርሶ ለጀርሙ የሚተርፈው አይኖርም።

በረኪናው ሽቶ ያልገባበት፣ ቀለምና ሳሙና ያልተጨመረበት ተራ በረኪና መሆን አለበት። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የክሎሪን መጠንና የተመረተበትን ቀን ማንበብ ያስፈልጋል፤ በረኪና ፀሐይና ሙቀት ላይ ሲቀመጥ በወራት ውስጥ ኃይሉን እያጣ ይሄዳልና። ከምንም ዓይነት የመጸዳጃ ቤት አሲድ፣ ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከአሞኒያ ጋር መቀላቀል ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ሳንባን የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ጓንት ማድረግ፣ ዓይንንም መከለል ይገባል።

የተለመደው አሠራር በ1,000 ሊትር ውኃ 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና መጨመር ነው፤ ይህም በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሰጣል። ለባለ 500 ሊትር ሮቶ ግማሽ ሊትር፣ ለባለ 2,000 ሁለት ሊትር ይሆናል። በረኪናው ባለ 4 በመቶ ከሆነ ለ1,000 ሊትር 1 ሊትር ከሩብ ያስፈልጋል። ከ65 እስከ 70 በመቶ የሆነ የዱቄት ክሎሪን የሚጠቀም ሰው ለ1,000 ሊትር 75 ግራም ገደማ ይበቃዋል፤ ዱቄቱን ግን በፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ በቅድሚያ ውኃ አድርጎ ቀጥሎ ዱቄቱን እየጨመረ ይበጥብጠው እንጂ ውኃውን በዱቄቱ ላይ አያፍስስ። ሮቶው ሩብ ያህል ሲሞላ ክሎሪኑን ጨምሮ ቀሪውን ውኃ በላዩ ላይ መሙላት በደንብ እንዲዋሐድ ያደርገዋል። ከዚያ በቤቱ ያለው እያንዳንዱ ቧንቧ የበረኪና ሽታ እስኪያወጣ ድረስ ተከፍቶ ይዘጋና ለ24 ሰዓት ይተዋል። በዚያን ጊዜ ውስጥ ይህ ውኃ ለሰውም ለእንስሳም አይጠጣም፤ ለቤተሰቡና ለሠራተኛ ሁሉ መናገር፣ ቧንቧውንም በጨርቅ ማሰር ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ 2,000 ሊትር ውኃ ሞልቶ በማግስቱ መድፋት፣ ውኃ በሳምንት አንድ ቀን ለሚያገኝ ቤተሰብ የሚቻል ነገር አይደለም። ለእንዲህ ያለው ቤት የተሻለ ሆኖ የማገኘው ግድግዳውን በጠንካራ ብጥብጥ መቀባት ነው። በ10 ሊትር ባልዲ ውኃ ውስጥ 40 ሚሊ ሊትር፣ ይኸውም ወደ 3 የሾርባ ማንኪያ ባለ 5 በመቶ በረኪና ሲጨመር በሊትር 200 ሚሊ ግራም ክሎሪን ያለው ብጥብጥ ይገኛል። ይህንን በረጅም ብሩሽ ወይም በመርጫ መላውን የውስጥ ግድግዳ፣ ወለሉንና ክዳኑን አዳርሶ፣ ሳይደርቅ በድጋሚ እያረጠቡ 30 ደቂቃ ካቆዩ በኋላ በንጹሕ ውኃ መለቅለቅ ነው። ለቧንቧዎቹ ደግሞ ሮቶው ውስጥ 100 ሊትር ውኃ ብቻ አድርጎ 100 ሚሊ ሊትር በረኪና በመጨመር እስከ እያንዳንዱ ቧንቧ እንዲደርስ ለቅቆ ማሳደርና ጠዋት ማጠብ ይበቃል። በዚህ መንገድ የሚደፋው ውኃ ሙሉ ሮቶ ከመድፋት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ሥራው ግን የሚሠራ ሰው ትጋት ይጠይቃል፣ ያልተቀባ ቦታ ያልታከመ ነውና።

ክሎሪን የበዛበት ውኃ ወደ በሬሳም ሆነ ወደ ሮቢ ወንዝ በሚወርድ ቦይ፣ ወይም በአትክልት ሥር አይደፋ። በግቢው ጥግ ባለ ጠጠራማ ጉድጓድ ውስጥ ማፍሰስ ወይም በሰፊ አፍ ባላቸው ዕቃዎች ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አቁሞ ክሎሪኑ ከበነነ በኋላ ለሲሚንቶ ወለል ማጠቢያ ማዋል ይቻላል። ከዚያ በኋላ በሚሞላው የመጠጥ ውኃ ውስጥ ሊቀር የሚገባው ክሎሪን በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ነው፤ የመስመር ውኃው በራሱ ታክሞ ከመጣ ሌላ መጨመር አያስፈልግም። የጣራ ዝናብ የሚጠጣ ቤተሰብ ግን እንደ ውኃ አጋር ያለ ለመጠጥ የተዘጋጀ ማከሚያ በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን በጀሪካን ቢጠቀም ይሻለዋል።

ሌሎች መድኃኒቶች ይነገራሉ። የሽፈራው ፍሬ ዱቄት የደፈረሰ ውኃ በማጥራት የታወቀ ነው፤ ዝቃጩን ያወርዳል እንጂ በግድግዳው ላይ ያለውን አልጌ አያነሣም፣ ዱቄቱም ቆይቶ ለጀርም ምግብ ይሆናል። ለሰብል በሽታ የሚረጨው ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት አልጌን ይገድላል፤ ነገር ግን በቤት ውስጥ በግምት ለመጠጥ ውኃ የሚጨመር ነገር አይደለም።

ሮቶውን ማጨለም

ብርሃን መግባቱን የሚያሳይ ቀላል ፈተና አለ። ከበረኪናው ሥራ በፊት ወይም ሮቶው ታጥቦ ሽታው ከጠፋ በኋላ፣ ፀሐይ በበረታበት ቀትር፣ ጭንቅላትንና የክዳኑን አፍ በወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ሸፍኖ ወደ ውስጥ መመልከት ነው። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ግድግዳው ፈዘዝ ብሎ የሚያበራ ከሆነ፣ የራስ ጣትም ከታየ፣ ብርሃኑ በፕላስቲኩ እያለፈ ነው። ነጭና ፈዛዛ ቀለም ያላቸው፣ ስስ የሆኑ ሮቶዎች በዚህ ፈተና አያልፉም። አዲስ የሚገዛ ሰው ጥቁር የሆነውን ወይም ከውስጥ ጥቁር ንብርብር ያለውን ቢመርጥ ከብዙ ድካም ይድናል።

ያለውን ሮቶ ለማጨለም ቀለም መቀባት ብዙ አያስተማምንም፤ ቀለም በዚህ ፕላስቲክ ላይ በደንብ ስለማይጣበቅ ከፀሐይና ከዝናብ በኋላ ይላጣል። ጥቁር የፕላስቲክ ሸራ ከላይ እስከ ታች ጠምጥሞ በገመድ ማሰር፣ በላዩም ላይ ጆንያ ወይም ሰሌን መደረብ ይሻላል፤ ጆንያው ሸራውን ከፀሐይ ይጠብቀዋል፣ ውኃውም እንዳይሞቅ ያደርጋል። ከዚህ የሚበልጠው ከላይና ከጎን የቆርቆሮ ከለላ መሥራት ነው።

የከለላው አቅጣጫ በግምት የሚወሰን አይደለም። በእኛ አካባቢ ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ በስተ ደቡብ በኩል ነው የምትሄደው፤ ይህ ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ አልጌው የሚበረታበት በጋ ነው። ስለዚህ አዲስ ሮቶ የሚያቆም ሰው ከቤቱ በስተ ሰሜን፣ ግድግዳው ሥር ቢያደርገው በጋውን ጥላ ያገኛል። በታኅሣሥ ቀትር ላይ 3 ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ በስተ ሰሜኑ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥላል። ሮቶው በከፍተኛ መቆሚያ ላይ ያለ ከሆነ ግን የግድግዳው ጥላ አይደርስበትምና ከላይ፣ በደቡብና በምዕራብ በኩል ከለላ ያስፈልገዋል። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ደጋ በጥላ ሥር ያለ ቧንቧ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሊቀዘቅዝ ስለሚችል በጨርቅና በፕላስቲክ መጠቅለሉ አይከፋም።

ትንንሾቹ የብርሃን መግቢያዎችም አሉ። የውኃውን መጠን የሚያሳየው የጠራ ቱቦ በፀሐይ ውስጥ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ አልጌ የሚያራባ ቦታ ነው፤ ብርሃን በማያሳልፍ ቧንቧ መተካት ወይም በጥቁር ፕላስቲክ መጠቅለል አለበት። የተሰነጠቀ ክዳን ይለወጥ፤ የትርፍ ውኃ መውጫው በቀጭን ወንፊት ይታሰር፣ ወንፊቱ ትንኝም ይከለክላል። የጣራ ውኃ የሚያጠራቅም ሰው አሸንዳውን ከበልግና ከክረምት በፊት ይጥረግ፤ ደረቁ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚጥለውን የመጀመሪያ ዝናብም ወደ ሮቶው ሳያስገባ ይልቀቀው፣ የጣራውን አቧራና ኩስ ይዞ የሚወርደው እሱ ነው።

ክፍት ኩሬ ላለው ገበሬ

በጂኦሜምብሬን፣ ማለትም ውኃ በማያሰርግ ወፍራም የፕላስቲክ ንጣፍ፣ የተነጠፈ የመስኖ ኩሬ በክዳን አይዘጋም፤ በክሎሪን ማከሙም ለአትክልቱ አይበጅም። እዚህ ላይ ደጋው የራሱ የሆነ ነገር አለው፤ የገብስ ጭድ። የገብስ ጭድ አየር ባለበት ውኃ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲበሰብስ አዲስ አልጌ እንዳያድግ የሚገታ ነገር ይለቃል። በእንግሊዝ አገር ኩሬዎች ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየ ዘዴ ሲሆን፣ በአንዳንዱ ኩሬ በደንብ ሲሠራ በሌላው ደግሞ ውጤቱ አነስተኛ ሆኖ ታይቷል። ወጪው ግን ጭዱ ብቻ ስለሆነ መሞከሩ የሚያስቆጭ አይደለም።

ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የውኃ ፊት ከ10 እስከ 25 ግራም ደረቅ ጭድ ይበቃል፤ 10 ሜትር በ10 ሜትር ለሆነ ኩሬ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ጭዱ ሳይጠቀጠቅ በላላ መረብ ይታሰርና፣ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተንጠልጥሎበት ከውኃው ፊት ሳይርቅ እንዲንሳፈፍ ይደረጋል። ከተጨመቀ ወይም ወደ ታች ከሰመጠ አየር አጥቶ ይገማል፤ ከመጠን በላይ ከሆነም የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። የበቀለውን አልጌ ስለማይገድል አስቀድሞ በሬክ ወይም በመረብ ሰብስቦ ማውጣት ያስፈልጋል። ጭዱ መሥራት እስኪጀምር እንደ ውኃው ሙቀት ከ1 እስከ 2 ወር ስለሚወስድ፣ በጥቅምት አረንጓዴ የሚሆን ኩሬ ያለው ገበሬ በነሐሴ መጨረሻ ቢያስገባ ይደርስለታል። ከ6 ወር ገደማ በኋላ ጭዱ በአብዛኛው በስብሶ ያልቃል፤ መረቡን አውጥቶ የቀረውን ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ መጣል፣ በአዲስ ጭድም መተካት ነው።